እርሾው የመጣው በመርከብ ነው

አሁን አሁን የሚመጡት ልጆች ደንሊሪ ውስጥ እንጀራ ባለቀ ቀን ያኮርፋሉ። እንጀራ ዱሮም እዚህ አየርላንድ የነበረ ይመስላቸዋል።

ደንሊሪ የወደብ ከተማ ነው፤ የወደቡን ታሪክ እንዳነበብኩት ልንገራችሁ፤ ግንቡ እ.ኤ.አ. በ1817 ተጀመረ። በ1821 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ከዚህ ተሳፍሮ ስለሄደ ከተማው ኪንግስታውን ተባለ፤ በ1920 የጥንት ስሙ ተመለሰ። የኛም መንቆረር ደብረ ማርቆስ ተብሎ ቀርቷል፤ ስለዚህ አልገረመኝም።

እኔ በ2001 ስደርስ እንጀራ ቀርቶ ጠረኑም የለም። የነበረው ጥያቄ ነው። ለረሃቡ በዘፈን እርዳታ ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ የተወለደው እዚሁ ስለሆነ ነው መሰል፣ «ኢትዮጵያ» ስል የሰባ ሰባቱን ረሃብ ያነሱብኛል። የወሎና የትግራይ ወገኔ መከራ እኔንም ያመኛል። ግን በዚያው ዓመት ይጁቤ፣ አባቴ አውድማ ላይ፣ ጤፍ ሲበራይ በሬ እነዳ ነበር ብል ማን ይሰማኛል?

እዚህ እንጀራ መጀመሪያ የጋገረችው አንዲት የብቸና ሴት ናት። ጎንደሬዋ እትዬ «እኔ ነኝ» ትላለች፤ የአዲስ አበባዎቹማ ተዋቸው። የብቸናዋ በሩዝና በስንዴ ዱቄት፣ በመጥበሻ ላይ ነው የጀመረችው፤ ዓይን አላወጣም፣ ግን በላነው።

እርሾውን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። ከለንደን በአውቶቡስ ሆሊሄድ፣ ከዚያ በመርከብ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ። ባሕሩ መሐል ላይ እርሾው ፈላና ክዳኑን ጧ! አድርጎ ወረወረው። ጋቢዬ ላይ ተረጨ፤ አጠገቤ የነበሩት ፈረንጆች በጠረኑ ወንበር ቀየሩ። ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈችው ከአንድ ጭልፋ አትበልጥም። በሷ የተቦካውን ሊጥ የሴትየዋ አከራይ በሦስተኛው ቀን «ተበላሽቷል» ብላ ደፋችው። ለንደን ተመልሼ ሄድኩ። ይሄን ማንም አያነሳልኝም።

በ2006 አገራችን የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስትከለክል እንደገና በሩዝ ከረምን። መርከቡም በ2014 ቀረ።

ባለፈው ፋሲካ አንዱ ልጅ አምስት እንጀራ በፌስታል ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እዚህ አገር እንጀራ መቼም ጠፍቶ አያውቅም አይደል?» አለኝ። ዝም ብዬ ቆረስኩ። ዓይኑ ትንሽ ጎድሎታል።