የተሻሻለ መኖ ምንድን ነው? አምቦ አካባቢ ላም ያለው ሁሉ ለምን አይዘራውም?

ከሆለታ በጊንጪ አድርጎ እስከ አምቦ፣ አብዛኛው ወተት የሚመጣው ጥቂት ላሞች ካሏቸው ገበሬዎች ነው። የላሞቹ ዋና ምግብ ደግሞ ግጦሽና ጭድ ነው።

ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም። በላም ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ሕዋሳት በደንብ እንዲሠሩ ቢያንስ 7 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋሉ፤ የጤፍና የስንዴ ጭድ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ በውድ የተገዛች የተዳቀለች ላም እንኳ በጭድ ብቻ የሚጠበቅባትን አትሰጥም።

ዋና ዋናዎቹን መኖዎች እንያቸው፦

👉 አጃና ቬች፦ በክረምት ተቀላቅለው ይዘራሉ፤ ሲያብቡ ታጭደው ድርቆሽ ይሆናሉ።
👉 ዝሆኔ ሳርና ደሾ፦ አንዴ ከተተከሉ ለዓመታት ይታጨዳሉ።
👉 አልፋልፋ፦ ፕሮቲኑ ከፍተኛ ነው። እርጥቡን ብቻውን ለተራበች ላም መስጠት ግን ሆዷን ነፍቶ ሊገድላት ይችላል፤ ጠውለግ ብሎ ከጭድ ጋር ይሰጥ።

ታዲያ ለምን አልተስፋፋም? መሬት ጠባብ ነው፤ የልጆቹን ጤፍ ትቶ ሳር የሚዘራ ገበሬ የለም። ዘሩም እንደልብ አይገኝም። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ የሚለቀቀው ከብት የተተከለውን ይግጠዋል።

መውጫው የእርከን ዳርና የአጥር ጥግ ነው። በጀልዱ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ገበሬዎችና ተመራማሪዎች በእርከን ላይ መኖ መትከልን ሞክረዋል፤ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ቅጠሉ ላም ይቀልባል። ግን ጎረቤት ከብቱን ካላሰረ የአንድ ሰው ልፋት ብቻውን አያዋጣም።

በእናንተ ሰፈርስ ከብት ይታሰራል ወይስ ይለቀቃል?