ክረምት፣ ከተማና ግብር፦ በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ስለ ክረምት በዓልና ድግስ የቀረበ አጭር ጥናት

ስለ አውሮፓ ከተሞች የተጻፉ መጻሕፍትን የገለጠ ተማሪ ሁሉ እንደሚያስተውለው፣ በሐምሌና በነሐሴ ወር እነዚያ ከተሞች አደባባዮቻቸውን ለመብል፣ ለወይን ጠጅና ለዘፈን ይለቃሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እነዚህ ወሮች ለእነርሱ የፀሐይና የደረቅ መሬት ወሮች ናቸው። ለእኛ ግን እነዚያው ወሮች ዝናም የሚወርድባቸው፣ ወንዝ የሚሞላባቸው፣ ጐተራም የሚጐድልባቸው ናቸው። ስለዚህ በእኛ አገር የክረምት የከተማ በዓል ነበረን ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው አልነበረም ብሎ ለመመለስ ይቸኩላል። በዚች አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፎገራ ሜዳና በዙሪያው፣ ከተማንና የከተማን ድግስ የወለደው ክረምቱ ራሱ ነው፤ የድግሱን ዋጋ የከፈለው ደግሞ ሜዳው ነው። ለዚህም ሦስት የታወቁ ቃላት ይመሩናል፤ እነርሱም ከረመ፣ ከተመና ገበረ ናቸው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ወሮቹ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር በሚወስደው ጐዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ጣና የተዘረጋው ዝቅተኛ ሜዳ ፎገራ ነው። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርዱት ርብና ጉማራ ይህንን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት ሁለቱ ወንዞች ከዳራቸው ይወጣሉ፤ ጥቁሩም አፈር ውሃውን ስለማያሳልፍ ሜዳው ከባሕሩ ጋር አንድ የሆነ ይመስላል። ያን ጊዜ ባላገሩ ከብቱን ከፍ ወዳለው ቦታ ያወጣል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው ርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ውሃው ትቶት የሚሄደውን መሬት የአገሩ ሰው «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። የፎገራ ላም በወተቷ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ናት። ነገር ግን ዋናው እህል የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲህ ስለ ሆነ፣ ሐምሌና ነሐሴ ባላገሩ ያለፈውን ዓመት እህል እየሰፈረና እየቈጠበ የሚኖርባቸው ወሮች ነበሩ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ቃል ከረመ ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ ያልተያዩ ሰዎች ሲገናኙ «እንዴት ከረማችሁ» ይባባላሉ፤ ሥረ ቃሉ ግን ክረምትን በአንድ ቦታ ተቀምጦ ማሳለፍ ነው። በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ በድንኳን ይኖሩ ነበር። በጋው የዘመቻ ጊዜ ነው። ዝናሙ ሲጀምር ግን ወንዝ አያሻግርም፣ በቅሎ በጭቃ አይሄድም፤ ስለዚህ ንጉሡም ሠራዊቱም በአንድ ቦታ መክረም ግድ ይሆንባቸዋል።

ሁለተኛው ቃል ከተመ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከተማ የሚለው ስም በጥንት ጊዜ የቤቶችን ብዛት ሳይሆን የንጉሡን ወይም የጦር አለቃውን ሠፈር የሚያመለክት ነበር። ሠራዊቱ የከረመበት ሠፈር ለጥቂት ወራት ገበያም፣ ችሎትም፣ ቤተ ክርስቲያንም ያለው ከተማ ይሆናል፤ ከመስቀል በኋላ ግን ድንኳኑ ይነቀልና ሣሩ ብቻ ይቀራል። በ16ኛው መቶ ዓመት ዓፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ከፎገራ በስተሰሜን፣ በእንፍራዝ አጠገብ፣ ጣናን ቍልቍል በሚያይ ኰረብታ ላይ ጉዛራ የተባለውን ግንብ አሠሩ። ከእርሳቸውም በኋላ ዓፄ ሱስንዮስ (1607–1632) መጀመሪያ በዚሁ በጣና ምሥራቅ በኩል በቆጋ፣ ቀጥሎም በጐርጎራና በደንቀዝ ተቀመጡ። ልጃቸው ዓፄ ፋሲል በ1636 ጐንደርን ቆረቈሩ። እንግዲህ ጐንደር ድንገት ከሜዳ የበቀለች ከተማ አይደለችም፤ ሁለት ትውልድ ያህል በጣና ዙሪያ ሲተከልና ሲነቀል የኖረ ሠፈር በመጨረሻ በድንጋይ የጸናባት ቦታ ናት።

በክረምት የተሰበሰበ ሠራዊት ሥራ የለውም፤ ነገር ግን ይበላል። ሦስተኛው ቃል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ግብር ማለት ባላገሩ ለመንግሥት የሚያገባው ማለት ነው፤ ግብር ማለት ደግሞ ንጉሡ በአዳራሹ የሚያበላው ታላቅ ድግስ ማለት ነው። ግብር ያገባው ሰው ገባር ይባላል፤ በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ግብር በላ ይባላል። አንድ ስም ለሁለቱም መዋሉ ያለ ነገር አይደለም። በአዳራሽ የተበላው፣ ከጐተራ የወጣው ያው እህል ነውና።

የግብሩ ሥርዓት በብዙ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። ንጉሡ በመጋረጃ ተሰውሮ ይመገባል፤ ከዚያም መጋረጃው ይገለጥና መኳንንቱ፣ ከእነርሱም በኋላ ጭፍራው በየማዕርጉ ተራ በተራ ይገባል። ፍሪዳው ሲታረድ እያንዳንዱ ሹም እንደ ማዕርጉ የሚደርሰው የታወቀ ብልት አለው። ጠጁ ለታላላቆቹ፣ ጠላው ለብዙው ነው። ከአዳራሹ በስተጀርባ ደግሞ ፈጪዎች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ጠጅ ጣዮችና ጠላ ጠማቂዎች ሌሊትና ቀን ይሠራሉ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው፤ በታሪክ መጽሐፍ ግን ስማቸው አይገኝም። አዝማሪውም በመሰንቆው የሰጠውን ያወድሳል፣ የነፈገውን በቅኔ ይወጋል። በጐንደር የነገሥታት ግቢ ዛሬም ቆመው ከሚታዩት ሕንፃዎች መካከል የዓፄ ዳዊት ሣልሳዊ (1716–1721) «የዘፈን ቤት» እየተባለ ይጠራል፤ የዓፄ በካፋም (1721–1730) ሕንፃ በሰፊ የግብር አዳራሹ የታወቀ ነው። ሁለቱ ነገሥታት እርስ በርሳቸው ተከታትለው የነገሡ ናቸው። ዘፈንና ግብር የራሳቸው የድንጋይ ቤት ማግኘታቸው ድግስ በዚያ ዘመን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ሥራ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በክረምት ስለ ነበረው በዓል አንድ የዓይን ምስክር አለን። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 ሐምሌ ወር ውስጥ ጐንደር ገብቶ ዓፄ ኢያሱ ቀዳማዊን አክሟል። የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል ሲከበር ተጠርቶ በሄደ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ታላቅ ግቢ 12,000 ያህል ሰው ተሰልፎ እንዳገኘ ጽፏል። መንገደኛ ቍጥር ያበዛል ብለን ግማሹን ብንቀንስ እንኳ፣ ለአንድ ሰው አንድ እንጀራ ብቻ ቢደርሰው 6,000 እንጀራ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ባላገሩ እህሉን በሚቈጥብበት በነሐሴ ነው።

ስለ መጠጡም መጠየቅ ይገባል። የአውሮፓ በዓል በወይን ጠጅ የሚከበር ሲሆን የእኛ በጠጅና በጠላ ነው። ወይን በዚህ አገር ፈጽሞ አልታወቀም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በፎገራ ሜዳ ዳር ያለው ይፋግ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በታላቅ ገበያው የታወቀ ነበር፤ በእርሱና በእንፍራዝ ዙሪያም የወይን ተክል እንደ ነበረ መንገደኞች ጽፈዋል። ሆኖም ያ ወይን ጥቂት ስለ ነበረ የአዳራሹን ጋን አልሞላም፤ ቤተ ክርስቲያንም ለቍርባን የምትጠቀመው በውሃ የተዘፈዘፈ ዘቢብ ነው። የግብሩ መጠጥ የሚወጣው ከማር ነው፤ ማሩም በጉንዶ እየተለካ ከባላገሩ በግብር ስም ይገባ ነበር። እንግዲህ የጠጅን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከጌሾው አስቀድሞ ማሩ ከማን ቀፎ እንደ መጣ መጠየቅ አለበት።

ጐንደር ከደከመች በኋላ የክረምቱ ከተማ ወደ ፎገራ ምሥራቅ ተሻገረ። ራስ ጉግሣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያቋቋሟት ደብረ ታቦር የየጁ መሳፍንት፣ ቀጥሎም የዓፄ ቴዎድሮስና የዓፄ ዮሐንስ ራብዓዊ መቀመጫ ሆነች። በ1879 ከግብፅ የተላከው እንግሊዛዊው ጐርደን ዓፄ ዮሐንስን ያገኛቸው በዚያ ነው። በነዚህ ዘመናት በየመንደሩ የሚሠፍር ወታደር ለባላገሩ ከንጉሡ ግብር ይልቅ የከበደ ሸክም ነበር፤ በአዳራሽ ያልደረሰው ጭፍራ በገባሩ ጎጆ ተቀምጦ ይበላልና። ዓፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ ለወታደሩ ደመወዝ ሰጥተው ከባላገሩ ጫንቃ ሊያወርዱት አስበው ነበር። ገቢያቸው ሲጠፋ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በ1866 ጐንደር ተዘረፈች፣ በጌምድርም በዘረፋ ተራቈተ። ከ1888 እስከ 1892 በቆየው ክፉ ቀን ደግሞ የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጀ። በከብት ለሚኖር ሜዳ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም፤ ወተትና ሥጋ ብቻ ሳይሆን የሚያርሰው በሬም ጠፋ።

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ታላላቆቹ ድግስ ነው። ከእርሱ ጐን ለጐን ግን ሌላ የክረምት በዓል ነበረ፤ ዛሬም አለ። ይኸውም ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ ነው። በዓሉ ጌታ ብርሃኑን የገለጠበት የደብረ ታቦር በዓል ስለ ሆነ፣ ከወረታ በስተምሥራቅ ያለችው ከተማና በዓሉ አንድ ስም ይጋራሉ። በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩም ሆያ ሆዬ ይጫወታሉ። እናቶችም ሙልሙል ጋግረው ይጠብቋቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ቡሄ የሚውለው ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው በፍልሰታ ውስጥ ነው። ስለዚህ በላም አገር የሚከበረው ይህ በዓል ወተትም፣ ቅቤም፣ ሥጋም የለበትም። ዳቦና ጠላ ብቻ ነው። ዶሮውና ቅቤው ነሐሴ 16 ጾሙ እስኪፈታ ይቈያል።

ሙልሙልንና ግብርን ስናስተያይ ልዩነቱ ጐልቶ ይታያል። በግብር ጊዜ እህሉ ከብዙ ጎጆ ወደ አንድ አዳራሽ ይሄዳል። በቡሄ ጊዜ ግን ተቀባዮቹ በየጎጆው ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ ቤት እንደ አቅሙ ይሰጣል፤ ልጆቹም ለሰጪው ምርቃት ትተው ይሄዳሉ። ማንም ሹም መጠኑን አይወስንም። የእረኛ ልጅና የባለ ርስት ልጅ አንድ ዓይነት ዳቦ ይዘው ይመለሳሉ። ጐተራ በሚጐድልበት ወር ሊከበር የሚችለው የክረምት በዓል ይህን የመሰለ ነበር እንላለን፤ ትንሽ ስለሚጠይቅም ከነገሥታቱ አዳራሽ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

በዚህ የማይስማሙ እንደሚኖሩ እናውቃለን። ግብር ማብላት ሀብትን መልሶ ማከፋፈል ነው፤ ንጉሡ የሰበሰበውን ለድኻም ለወታደርም ያበላ ነበር፤ ትርፍራፊውም ለማኙን ያጠግብ ነበር ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ሆኖም የተመለሰው እህል የተመለሰው ለከተማው ነው። ከርብና ከጉማራ ዳር የወጣ ማርና ጤፍ ለጐንደር ለማኝ ሲደርስ፣ የፎገራ ገባር በነሐሴ ጐተራው መጉደሉን አያስቀርለትም።

በ20ኛው መቶ ዓመት ይህ ግንኙነት ተለወጠ። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገባርነትን አስቀረ። በዚያው በ1970ዎቹ ቻይናውያን መሥራት የጀመሩት የወረታና የወልድያ መንገድ ወረታን የመገናኛ ከተማ አደረጋት። ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ርዳታ በፎገራ የተሞከረው ሩዝ፣ ቀድሞ ለብዙ እህል ጠላት የነበረውን ውሃ ወዳጅ አደረገው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው የታወቀ ዘር ስሙን ያገኘው ከሞከረው ከጅግና ገበሬዎች ማኅበር ነው። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ነው። የሜዳውም ሰው ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግረዋል፤ ጠላ ይጠምቀዋል፤ አረቄ ያወጣዋል። ጎርፉ ግን አሁንም አልተገራም፤ በ2006 ክረምት የደረሰው ማጥለቅለቅ ብዙ ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀለ አይዘነጋም። ይሁን እንጂ የዛሬው የወረታ ዐውደ ዓመት ከሜዳው በግዴታ የተወሰደ እህል አይበላም፤ የሚበላው በገበያ የተሸጠና የተገዛ እህል ነው። በታሪክ ዓይን ይህ ታላቅ ለውጥ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክልሉ ከተሞች ቡሄንና ሌሎች የክረምት በዓላትን ለእንግዳ በሚስብ ሥርዓት በአደባባይ ማክበር ተለምዷል። ይህን አንነቅፍም፤ የከተማ ገበያ ሲደምቅ የሜዳው ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቅቤ ገዢ ያገኛልና። ነገር ግን በዓሉን የሚያዘጋጁት ሰዎች አንድ ጥያቄ አስቀድመው እንዲጠይቁ እንሻለን፤ ድግሱ ከማን ጐተራ ይወጣል? መዋጮው ሲወሰን፣ ድንኳኑ ሲተከልና ለታላላቅ እንግዶች ወንበር ሲለይ፣ ሙልሙል ሳይታወቅ ወደ ግብር ሊለወጥ ይችላል። በወረታ፣ በይፋግና በደብረ ታቦር ያሉ አረጋውያን፣ በተለይም ጠማቂዎችና ጋጋሪዎች የነበሩ እናቶች፣ ስለ ክረምት ድግስ የሚያውቁት ገና በጽሑፍ አልተሰበሰበም። ይህን ሥራ ከጓደኞቻችን መካከል በክረምት ዕረፍት ወደዚያ የሚወርዱ ቢጀምሩት፣ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል የቀረውን ግማሽ ታሪክ ያሟሉልናል ብለን እናምናለን።