የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ

በታሪክ ትምህርት ባሮክ ስለሚባለው የአውሮፓ የሕንፃ ጥበብ ስንሰማ፥ ነገሩ ከአገራችን እጅግ የራቀ ይመስለን ነበር። ዳሩ ግን የዚያ ዘመን ጥበብ የነካው ግንብ በእኛው በጎጃም ይገኛል። ከደምበጫ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚዘልቅ መንገደኛ፥ በእነብሴ ምድር መርጡለ ማርያምን ያገኛል። ስሙም በግዕዝ የማርያም አዳራሽ ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን መጀመሪያ ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። እርሳቸውም የሐድያ ገራድ ልጅ ሲሆኑ፥ በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል በሕፃንነታቸው በነገሡ ጊዜ አገር ያስተዳደሩ ብልህ ሴት ነበሩ። የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ ንግሥቲቱ በጎጃም ስላሠሩት የወርቅ መንበር ጽፎአል። ሕንፃው ግን በግራኝ ጦርነት ጠፋ።

መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ወደ ስፍራው መጡ። የማኅበራቸው ዋና ቤተ ክርስቲያን በሮማ ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1584 ተፈጽሞ ስለ ነበር፥ አዲሱን ጥበብ ያውቁት ነበር። ከእነርሱም አንዱ ኢጣልያዊው ብሩኖ ብሩኒ ሕንፃውን በኖራ እንደ ገና አስነሣ። ክብ ግድግዳና የሣር ክዳን የለመደ ዓይን እዚህ ሌላ ነገር ያያል፤ ሕንፃው አራት ማዕዘን ነው፤ በጥርብ ድንጋዩም ላይ አበባና ቅጠል ተቀርጾበታል። የትኛው ቅርጽ የእሌኒ፥ የትኛውስ የብሩኒ ዘመን እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከሩበታል።

ይህም ብዙ አልቆየም። ንጉሡ ሕዝቡን በግድ ሃይማኖቱን ለማስለወጥ በመሞከራቸው አገር ታመሰ፤ በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት 8000 ያህል ሰው እንዳለቀ ተጽፎአል። ንጉሡ ድል ቢያደርጉም፥ የሞተው የገዛ ወገናቸው ነበርና የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ካህናቱን ከአገር አስወጡ።

ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። ፋሲለደስ ካህናቱን ሲያስወጡ ኖራውን አብረው አልጣሉትም፤ የጎንደርን ግንብ በኖራ አሠሩበት። ስለዚህ ሕዝቡ የጠላው ግዴታውን እንጂ ጥበቡን አልነበረም። የመርጡለ ማርያምንም ፍርስራሽ የባዕድ ሥራ ነው ብለን ልንንቀው አይገባንም፤ መሠረቱ የእሌኒ ነው፤ ድንጋዩን የተሸከመውም የአገሩ ሰው ነው። እኛም ተማሪዎች እርሳስና ሜትር ይዘን፥ ሳይፈርስ የቀረውን እንለካ፥ እንሳል፥ እንጠብቅም።