የማግነም ጥይት፦ ለትልቅ አውሬ አደን የትኛው ይመረጥ? ኪስስ ይችለዋል?

በኮሎራዶ የኤልክ አደን በጠብመንጃ የሚከፈተው ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ነው። ኤልክ የአጋዘን ዘር ነው፤ የኛን ድኩላ በዓይነ ሕሊናው ይዞ ለሄደ ሰው ግን ያስደነግጣል። የደረሰ ወንድ ክብደቱ 300 ኪሎ ያልፋል። ለዚህም ነው አዲስ አዳኝ ጥይት ሊገዛ ሱቅ ሲገባ "ማግነም" የምትለው ቃል ቶሎ ጆሮው የምትገባው። አንዱ "ለኤልክ ማግነም ካልያዝክ ባትወጣ ይሻላል" ይለዋል፣ ሌላው "በከንቱ ገንዘብህን አታባክን" ይለዋል። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ማግነም በላቲን "ትልቅ" ማለት ነው። ወይን ነጋዴዎች አንድ ሊትር ተኩል ለሚይዘው ጠርሙስ የሚጠቀሙበት ቃል ነው። በጥይትም ሐሳቡ ያው ነው፤ ቀለሁ ይሰፋል፣ ባሩዱ ይበዛል። አረሩ ግን የግድ ትልቅ አይደለም። በ1906 የወጣው 30-06 ስፕሪንግፊልድና በ1963 የወጣው 300 ዊንችስተር ማግነም የሚተኩሱት አረር ውፍረቱ አንድ ነው፣ 7.82 ሚሊ ሜትር። የሚለያዩት በፍጥነት ነው። 180 ግሬን፣ ማለትም 11.7 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር ከ30-06 አፈሙዝ በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ከማግነሙ ደግሞ 900 ሜትር ያህል። በጉልበት ሲሰላ ከ3,950 ጁል ወደ 4,740 ጁል ከፍ አለ ማለት ነው፤ 20 በመቶ ጭማሪ።

ይቺ 20 በመቶ በነጻ አትመጣም። ሰደፉ ትከሻን በኃይል ይመታል፣ አፈሙዙ ቶሎ ይበላል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ከሁሉም የከፋው የመጀመሪያው ነው። ትከሻው የተመታ ሰው በሚቀጥለው ጥይት ቃታውን ከመሳቡ በፊት ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰውነቱን ያሸማቅቃል። በዚያች ቅጽበት አረሩ ከልብና ከሳንባ ወደ ሆድ ይሄዳል። ሆዱን የተመታ ኤልክ ደግሞ ኪሎ ሜትሮችን ሄዶ ጫካ ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ሥጋውም ለሰው ሳይሆን ለአሞራ ይሆናል። 7 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ማግነም (1962) ከ300 ዊንችስተሩ ለስለስ ያለ ምት ስላለው ማግነም የግድ ካላችሁ በእሱ መጀመር አያስቆጭም።

ሕጉስ ምን ይላል? የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ ማግነም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቢያንስ 24 ካሊበር የሆነ ጠብመንጃ፣ ቢያንስ 85 ግሬን የሚመዝንና ሲመታ የሚሰፋ አረር፣ 100 ያርድ ላይ ደግሞ ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ (1,356 ጁል ገደማ) ጉልበት ነው። 30-06 በ300 ያርድ፣ ማለትም በ270 ሜትር ገደማ ላይ እንኳ ከዚህ ወለል በላይ ነው። ከዚያ በላይ ርቀት መተኮስ ለብዙው ሰው ቁማር ስለሆነ፣ ቤቱ 30-06 ወይም 308 ያለው ሰው ለኤልክ ብሎ ሌላ ጠብመንጃ የሚገዛበት ምክንያት አይታየንም። አፍሪካ ውስጥ ጎሽና ዝሆን ለማደን ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። በብዙ አገሮች የሚፈቀደው ትንሹ ልክ 375 ወይም ወደዚያ የተጠጋ ነው፤ በ1912 የወጣው 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም እስከ ዛሬ ገበያ የማያጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። ጥይት በዚህ አገር የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 20 በያዘ ሣጥን ነው። ተራው 300 ዊንችስተር ማግነም በሣጥን ከ40 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ሲሆን፣ የተሻለ አረር ያለው 70 እና 80 ዶላር ይደርሳል። ተራ 30-06 ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ባለው ውስጥ ይገኛል። ለአንድ ወቅት ሦስት ሣጥን ብትገዙ፣ ተራው ማግነም በ50 ዶላር ሒሳብ 150 ዶላር ይሆናል፣ ውዱ በ80 ሒሳብ 240፣ 30-06 ደግሞ በ35 ሒሳብ 105 ዶላር። ታዲያ ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ውዱን አንድ ሣጥን ይገዛና "ይወደዳል" ብሎ ሦስት ጥይት ብቻ ተኩሶ ተራራ ይወጣል። ይሄ ነው ትልቁ ኪሳራ። የሚሻለው ሁለት ሣጥን ተራ ጥይት ለልምምድ፣ አንድ ሣጥን ጥሩ ጥይት ለአደኑ መያዝ ነው፤ የአረሩ ክብደት አንድ ይሁን። ከዚያ ከጉዞው በፊት ከጥሩው ሣጥን ቢያንስ አምስቱን ዒላማ ላይ ተኩሳችሁ መነጽሩን እንደገና አስተካክሉ፤ ክብደታቸው አንድ ቢሆንም ሁለት ዓይነት ጥይቶች አንድ ቦታ ላይ ላያርፉ ይችላሉ። አተነፋፈስንና የቃታ አሳሳብን ለመልመድ ደግሞ 22 ካሊበር በቂ ነው፣ ጥይቱ ሳንቲም ነው።

ቀለህ አትጣሉ። ናስ ስለሆነ ባሩድና አረር ተሞልቶ በድጋሚ ይሠራል፤ በገዛ እጁ የሚሞላ ሰው ወጪው ይቀንሳል። ግን ማግነም እዚህም ይበላል፤ ለአንድ ጥይት 70 ግሬን ባሩድ ቢፈልግ አንድ ፓውንድ ባሩድ 100 ጥይት ብቻ ይሞላል። በዚያ ላይ መሣሪያው ራሱ ብር ይፈልጋል፣ ስህተቱም ሰው ይጎዳል። በዓመት ሁለትና ሦስት ሣጥን ለሚተኩስ ሰው አያዋጣም ባይ ነን።

በነገራችን ላይ ጥይት ውድ ነገር መሆኑ ለኛ አዲስ አይደለም። አገራችን ውስጥ የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ከምትከፍሉት ውስጥ ግብር አለ፤ በ1937 በወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ መሠረት በጥይት ላይ 11 በመቶ የፌዴራል ታክስ ይጣላል፣ ገንዘቡም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ለክፍላተ ሀገር ይከፋፈላል።

አንድ በደማቁ ልትይዙት የሚገባ ነገር አለ። "300" የሚል ቁጥር ያለው ጥይት ሁሉ አንድ አይደለም። 300 ዊንችስተር ማግነም፣ 300 ዌዘርቢ ማግነም፣ 300 ዊንችስተር ሾርት ማግነም፣ 300 ሳቬጅ፣ 300 ብላክአውት ሁሉም የተለያዩ ናቸው። የማይገባው ጥይት ተገዶ ከተተኮሰ ጠብመንጃው ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስም አፈሙዙ ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ "ይመስላል" ብሎ ነገር የለም።

ሌላው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው። የፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው የጠብመንጃ ጥይት ከመግዛት አይከለክልም፣ ዕድሜው ከ18 በላይ ይሁን እንጂ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ሕጉ ካስቀመጣቸው ልዩ ሁኔታዎች አንዱ (ለምሳሌ የጸና የአደን ፈቃድ) ከሌለው፣ ጥይት መያዝ ራሱ ወንጀል ነው። ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይችልም። እያወቃችሁ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ጥይት ብታቀብሉ እናንተም ትጠየቃላችሁ። ጥያቄ ያለው ሰው ሱቅ ከመግባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። ኮሎራዶ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ የአደን ፈቃድ ለማግኘት የአዳኞች ኮርስ መውሰድ እንዳለበትም አትርሱ።

የአረሩ ዓይነት ከማግነምነቱ ይበልጣል። ተራው እርሳስ በመዳብ የተሸፈነ ነው፤ ለአብዛኛው አደን ይበቃል፣ ግን በማግነም ፍጥነት ከቅርብ ሆኖ አጥንት ሲያገኝ ይበጣጠስና ሥጋውን ያበላሻል። እርሳሱ ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀው ዓይነት ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው ደግሞ እምብዛም አይበጣጠስም፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ለዱር እንስሳት አደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች፤ ያ ሕግ የመጣው የእርሳስ ቅንጣት የዋጠው ኮንዶር የሚባለው አሞራ ስለሚሞት ነው። በእርሳስ ያደነ ሰው ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ አስፍቶ ቆርጦ ይጣል፣ በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ቤት ካሉ።

ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ሳይታረድ በጥይት የወደቀ ስለመሆኑ ግን ጾምና ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። ክትፎ ያማራችሁ ካላችሁ የአውሬ ሥጋ ጥሬውን አይበላም። ኮሎራዶ ውስጥ በአጋዘንና በኤልክ ላይ የሚታይ፣ አንጎልን የሚያጠቃ በሽታ አለ፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሽታው ካለበት አካባቢ የተገኘ ሥጋ ከመበላቱ በፊት እንዲመረመር፣ ከተገኘበትም እንዳይበላ ይመክራል። ናሙናውን የሚቀበለው የክፍለ ሀገሩ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚወሰደው ከጭንቅላቱ ስለሆነ ጭንቅላቱን ተራራ ላይ ጥላችሁ አትምጡ።