«የባሕር እመቤት»፦ ፖርቹጋልን ለፍጻሜ ያበቃው እንጉርጉሮ

«ሴንዮራ ዶ ማር»፣ በአማርኛ «የባሕር እመቤት»፣ ፖርቹጋል እ.ኤ.አ. በ2008 በሰርቢያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ በተካሄደው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ያቀረበችው ዘፈን ነው። ድምፃዊቷ የማዴይራ ደሴት ተወላጅ የሆነችው ቫኒያ ፈርናንዴስ ናት። ግጥሙን ካርሎስ ኮኤልዮ፣ ዜማውን ክሮኤሺያዊው አንድሬይ ባቢች ደርሰውታል።

ዩሮቪዥን የአውሮፓ የሕዝብ ብሮድካስት ተቋማት ከ1956 ጀምሮ የሚያካሂዱት ዓመታዊ ውድድር ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ አገር አንድ ዘፈን ያቀርባል፤ ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ፣ መድረክ ላይ የሚወጡት ሰዎችም ከስድስት መብለጥ የለባቸውም። ፖርቹጋል ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1964 ነው። የግማሽ ፍጻሜ ማጣሪያ ከተጀመረበት ከ2004 እስከ 2007 ግን አራት ዓመት በተከታታይ ከፍጻሜው ውጭ ሆናለች።

ዘፈኑ ባሕር የምትወደውን ሰው የነጠቃት ሴት ለባሕር እመቤት የምታሰማው ልመና ነው። ፖርቹጋል በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ አገር በመሆኗ፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ያልተመለሱ ባሎችና ልጆች ሐዘን ለብዙ ቤተሰብ የሚታወቅ ነው። እንደ ናዛሬ ባሉ የዓሣ አጥማጆች ከተሞች ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች ጥቁር ለብሰው መኖራቸው የቆየ ልማድ ነው።

ይህን ሐዘን የሚሸከመው የዜማ ስልት ፋዶ ይባላል። ስያሜው «ዕጣ ፈንታ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ ስልቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሊዝበን ድሃ ሰፈሮች ውስጥ አድጓል። መንፈሱም ፖርቹጋሎች «ሳውዳዴ» የሚሉት፣ ናፍቆትንና ትዝታን አንድ ላይ የያዘ ስሜት ነው። ዩኔስኮ በ2011 ፋዶን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ይሁን እንጂ «የባሕር እመቤት» ንጹሕ ፋዶ አይደለም። በተለመደው ፋዶ አንድ ድምፃዊ 12 ክር ባለው የፖርቹጋል ጊታርና በተራ ጊታር ታጅቦ ያዜማል። ይህ ዘፈን ግን የፋዶን የድምፅ አወጣጥና ቁዘማ ከዘመናዊ ቅንብርና ከብዙ ተቀባዮች ድምፅ ጋር አዋህዷል።

ፖርቹጋል ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት በዘፈኖቿ ውስጥ እንግሊዝኛ ቀላቅላ ነበር። በ2008 ግን ሙሉ በሙሉ በራሷ ቋንቋ ቀረበች። ዘፈኑ በሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ ከ19 ዘፈኖች መካከል በ120 ነጥብ ሁለተኛ በመሆን ማጣሪያውን አለፈ። ግንቦት 24 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ፍጻሜም ከ25 ዘፈኖች መካከል በ69 ነጥብ 13ኛ ወጥቷል።

ፖርቹጋል ውድድሩን ያሸነፈችው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ሳልቫዶር ሶብራል፣ እህቱ ሉኢዛ የደረሰችለትን ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ኪዬቭ ላይ ተጫውቶ 758 ነጥብ አገኘ። ያም ዘፈን የተዜመው ሙሉ በሙሉ በፖርቹጋልኛ ነበር።