ዕድሜ የሚተነብዩ ጂኖች እና ያልተቆጠረችው የፈረስ ቤት እናት

ለካንሰር ሐኪም ከሚቀርቡ ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ «ስንት ጊዜ ይቀረኛል?» የሚለው ነው። ዛሬ ባደጉት ሀገራት መልሱን ከዕጢው ጂኖች ለማንበብ ይሞከራል። በተለይ ህዋስ ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይርበትን ሥራ፣ ማለትም ሜታቦሊዝምን የሚመሩ ጂኖች ለዚህ ግምት እየዋሉ ነው። «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ካለ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ጤነኛ ህዋስ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ስኳርን አሟጥጦ አቃጥሎ ኃይል ያወጣል። የካንሰር ህዋስ ግን ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ ብዙ ስኳር ይሻማና በግማሽ አብላልቶ ይተወዋል። የሚተርፈውም እርጎን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው። ዋርበርግ በ1931 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በህዋስ አተነፋፈስ ላይ በሠራው ሥራ ነበር። የካንሰር መነሻ ይህ የአተነፋፈስ ብልሽት ነው ብሎ እስከ መጨረሻው ተከራከረ። በ1970 ሲሞት ግን ሰሚው ጥቂት ነበር፤ የሁሉም ዓይን ወደ ጂን ዞሮ ነበርና።

ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። በ2008 ተመራማሪዎች በአንጎል ዕጢዎች ውስጥ አይዲኤች1 የተባለ የሜታቦሊዝም ጂን ተለውጦ አገኙ። በ2009 ደግሞ ለውጡ ያለባቸው ታማሚዎች ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖሩ ታየ። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የአንጎል ዕጢዎችን ሲመድብ ይህን ለውጥ አንዱ መለያ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ የትንበያ ቀመሮች በዙ። ብዙዎቹ የተሠሩት በ2006 በአሜሪካ በተጀመረው የካንሰር ጂኖም አትላስ መረጃ ነው። ናሙናቸው በዚያ የተያዘው ታማሚዎች በአብዛኛው አውሮፓዊ ዘር ያላቸው ናቸው። ቀመር የሚያውቀው የቆጠረውን ሰው ነው፤ ያልቆጠረውን ሲገምት ሊስት ይችላል።

ይህን በእኛው ሀገር አይተነዋል። ከጥቁር አሜሪካውያንና ከምዕራብ አፍሪካ በመጡ ጥናቶች ተነሥቶ የአፍሪካ ሴቶች የጡት ካንሰር በብዛት በሆርሞን ሕክምና የማይመለስ ዓይነት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታማሚዎች ናሙና ተመርምሮ በ2014 ውጤቱ ሲታተም ግን ሁለት ሦስተኛ ገደማው ለኤስትሮጅን ምላሽ የሚሰጥ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ትርጉሙ ቀላል አይደለም። በአንጻሩ ርካሽ የሆነውና እቤት የሚዋጠው ታሞክሲፈን ለብዙዎቹ ሊጠቅም ይችላል ማለት ነው። ይህ የታወቀው የራሳችን ሰው ስለተመረመረ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ፈረስ ቤት እንምጣ። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት መጀመሪያ ዝም ትላለች። ቀጥሎ ጠበል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ትሄዳለች። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ከተጀመረበት ከ1997 አንሥቶ ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ ሌላ ቦታ አልነበረም። ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ደግሞ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጨዳው ይድረስ፣ በሬው ይሸጥ፣ መንገዱ ይከፈት ሲባል ወራት ያልፋሉ። የእሷን ዕድሜ ከጂኗ ይልቅ ሐኪም ፊት የደረሰችበት ቀን ይወስነዋል።

ስትሞትም ለቅሶዋ ይደረሳል፤ የሞተችበት ግን «ክፉ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ በ2011 ሲጀመር የቆጠረው የከተማዋን ነዋሪ ነው። የፈረስ ቤቷ እናት እዚያ መዝገብ ላይ የለችም።

«መጀመሪያ ፋሻና መድኃኒት ይሟላ፣ ጂን ይቆየን» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሁለቱ የሚነሡት ከአንድ ጠረጴዛ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ በጊዜ ተወስዳ፣ በአግባቡ ተጠብቃ ለምርመራ የተላከች አንዲት የዕጢ ናሙና ዛሬ ለእናቲቱ መድኃኒት ትመርጣለች፤ ተመዝግባ ከተቀመጠች ደግሞ ነገ ልጇን የሚያውቅ ቀመር ይሠራባታል። ስለዚህ ከጤና ባለሥልጣኖቻችን የምንጠይቀው ሩቅ አይደለም፦ ናሙና የሚመረምር ባለሙያ ለገጠሩ ይቅረብ፤ የገጠሩም ታማሚ ይመዝገብ።