ከግሸን የወረደው ንጉሥ

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ የመለሱትን «ደቂቀ እስጢፋኖስ» መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔ የነበረው በተበዳዮቹ ላይ ነው፤ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም በማለታቸው በተገረፉት፣ ምላሳቸውና አፍንጫቸው በተቆረጠው መነኮሳት ላይ። (አንዳንዶቻችን «የእኛ ቀደምት» ለማለት እንቸኩላለን። ጾመኞች፣ ጥብቅ የገዳም ሰዎች እንደ ነበሩ ግን አንርሳ።)

ስደግመው ያቆመኝ ቀጪያቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ምእመናን የሚጎርፉባት የአምባሰሏ ግሸን፣ ያኔ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩባት አምባ ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብም በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሠው ከዚያ እስር ወርዶ ነው። በገደል ታጥሮ መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በዘጸአት 23፥9 እግዚአብሔር እስራኤልን መጻተኛውን አትግፉ ሲል የሚያስታውሳቸው የራሳቸውን የግብፅ ኑሮ ነው። የተገፋ ሁሉ በራሱ የሚራራ ቢሆን ኖሮ ይህ ትእዛዝ ባላስፈለገ ነበር።

ወገኖቼ፣ በደርግ ዘመን የእኛም አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ አገልጋዮቻችን ታስረው ነበር። በሮቹ ከተከፈቱ ወዲህ፣ በትምህርት የተለዩንን ወንድሞችና እኅቶች እንዴት ያዝናቸው?